ሞፈርና ቀንበር፤ ከክፉ ቀን እስከ ባሌስትራ

ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ የሚወርድ መንገደኛ አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየምን ያገኛል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ የምትታየው በዚሁ ሙዚየም ነው። ከዚያ ሳይርቅ ደግሞ ለብዙ ዘመን የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሲባል የኖረው ግቢ አለ፤ የአገሪቱ መሐንዲሶች ብዙዎቹ የወጡት ከዚያ ነው። የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው ተሰልፈዋል። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ድንቅነሽ በተገኘችበት ዓመት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ።

መሬቱ የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ በዚያ ሁሉ ዓመት ብዙ ቀለምና ብዙ ደም ፈሶበታል። አራሹ በምን ያርሳል የሚለው ግን ከጎን ቀርቷል። የተማረው ሰው ማረሻን ሲያነሣ ብዙውን ጊዜ የኋላ ቀርነት ምሳሌ አድርጎ ነው። «ሦስት ሺህ ዓመት ያልተለወጠ» ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ዕድሜውን በትክክል የቆጠረ የለም። በትግራይ፣ በአጋሜ፣ አምባ ፎካዳ በሚባለው ስፍራ ሁለት በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው በዓለት ላይ ተሥሎ ይገኛል፤ የሥዕሉ ዘመን ግን ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ማረሻው ከደቡብ ዐረብ በባሕር ተሻግሮ መጣ ወይስ ቀድሞውንም እዚሁ ነበረ የሚለውም እንዲሁ ነው።

የእርሻው ዕቃ ራሱ ምን እንደሆነ ላላየው አንባቢ ላስረዳ። ረጅሙ እንጨት ሞፈር ነው፤ አንዱ ጫፉ በምራን ከቀንበሩ ጋር ይታሰራል። ገበሬው የሚጨብጠው እርፍ ይባላል። ከታች ግራና ቀኝ አፈሩን የሚከፍቱ ሁለት እንጨቶች አሉ፤ ስማቸው ድግር ነው። ወገል የሚባለው ብረት ድግሩን ከሞፈሩ ጋር አጥብቆ ይይዛል። መሬቱን የሚወጋው ማረሻው ነው፤ አብዛኛው ገበሬ በዚህ ሁሉ ውስጥ በገንዘብ የሚገዛው እነዚህን ሁለት ብረቶች ብቻ ነው። የቀረውን በመጥረቢያ ከእንጨት ይጠርበዋል፣ ከቆዳ ይተለትለዋል። ሞፈር ሲሰበር ሞፈር ይለወጣል፤ ድግር ሲሰነጠቅ ድግር። ስለዚህ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ማረሻ ከጥቂት ዓመት በላይ የቆየ እንጨት ላይኖረው ይችላል። ዕቃው ያረጃል፤ ግን ሁሉም አካሉ በአንድ ጊዜ አያረጅም፤ አገር ቤት የሚጠገንና መንገድ ላይ የማይቀር ዕቃ ነው። ገበሬው ትከሻው ላይ አንጠልጥሎት ወደ ማሳው ይሄዳል፤ ቁልቁለቱንም ዳገቱንም ድንጋዩንም ይችላል። በዚህ በኩል መሐንዲሶቻችን ቢማሩበት የሚያሳፍር አይመስለኝም።

ጭንቁ የሚመጣው ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነው። መሬቱ በበጋ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጥቁሩ መሬት እንደ ድንጋይ ይሆናል። የመጀመሪያው ገመሳ ከሁሉ የከበደው ነው፤ አይማው ይከተላል፤ ጤፍ የሚዘራ ሰው አራትና አምስት ጊዜ ይመላለሳል። በሬው ደግሞ ሳሩ ካለቀበት፣ ገለባው ከተሟጠጠበት ከበጋው መጨረሻ ወጥቶ ነው ቀንበር የሚገባው፤ ብዙ ጉልበት የሚጠየቀው ጉልበቱ በደከመበት ወር ነው። ዝናቡ ሲጀምር የቀን ቆጠራ ይጀመራል። ሳይታረስ ያለፈ ሳምንት ለአንዱ ማሳ የዘር ጊዜ ያልፍበታል። ማረሻው ዶልዱሞ ብረት ሠሪ ዘንድ የሄደ፣ ምራኑ የተበጠሰበት፣ ከበሬዎቹ አንዱ የታመመበት ገበሬ ጎረቤቱ ሲያርስ ዳር ቆሞ ያያል።

ማረሻውን የሚቀጠቅጠው ሰው ኑሮ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ገበሬው ያለ እርሱ አንድ ጥማድ ማረስ አይችልም፤ ግን ቡዳ ነው ብሎ ይሸሸው፣ ልጁንም አይድርለትም ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሠራተኛ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ በአዋጅ አልቆመም። አገር የሚበላውን እንጀራ የሚጀምር ሰው በዚያ ዓይነት ተገፍቶ ሳለ ማረሻው ለምን አልተሻሻለም ብሎ ገበሬውን መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው።

እንግዲህ ማረሻው ሳይሆን ከፊቱ የሚቆመው በሬ ነገሩን እንደሚወስነው ክፉ ቀን አሳይቷል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች ለጦራቸው ስንቅ በምጽዋ በኩል ያስገቧቸው ከብቶች የከብት ደስታ የሚባለውን በሽታ ይዘው ገቡ። ስሙ ከጉዳቱ ጋር የማይገጥም፣ ክፉውን በጎ ብሎ የመጥራት ልማድ ይመስላል። በሽታው ከሰሜን ጀምሮ አገሩን አዳረሰ፤ የአብዛኛው ገበሬ በሬ አለቀ። ሞፈሩም፣ ድግሩም፣ ብረቱም ግድግዳ ላይ ተንጠልጥለው ነበሩ። ምንም አልጎደለም፤ የሚስበው ብቻ ጠፋ። ድርቁና አንበጣው ተደርበውበት እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ረሀብ ሕዝብ ፈጀ። ምኒልክ ከመኳንንቱ ጋር ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ተጽፏል። በሬ የሌለው ገበሬ ያለው ምርጫ ያ መሆኑን ለሕዝቡ ለማሳየት ነበር። ይሁን እንጂ በዶማ የሚለማ ማሳ በሬ ከሚያርሰው እጅግ ያንሳል፤ ልዩነቱ ደግሞ ከቤተ ሰቡ ምግብ ላይ ይቀነሳል።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ሙከራዎች ብዙ ናቸው። በስዊድን እርዳታ በ1960 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ አሰላን መቀመጫው አድርጎ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከማከፋፈሉ ጎን የተሻሻለ ማረሻም ሞክሯል። አፈር የሚገለብጠው ማረሻ ለአገራችን በሬ ከበደ፤ ዋጋውም ለገበሬው ከበደ። በዚያው ዘመን ግን የስንዴው ትርፍ የታያቸው ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን አስለቀቁ። አዲሱ መሣሪያ ለሥራው መልካም ነበር፤ ለጭሰኛው ግን ከመሬቱ የሚያስወጣው ሆነ።

አዋጁ ሲመጣ ጭሰኝነት ቀረ። ገበሬ ማኅበሩ መሬት ሊያከፋፍል ይችላል፤ በሬ ግን እንደ መሬት በገመድ ተለክቶ አይከፋፈልም። መሬት ያገኘ፣ በሬ የሌለው ገበሬ ማሳውን በሬ ላለው ጎረቤቱ እያሳረሰ ምርቱን ይካፈላል፤ አለበለዚያ ጉልበቱን ሰጥቶ በሬ ይዋሳል፤ የራሱ ተራ እስኪደርስም የዘር ጊዜው ያልፍበታል። ባል የሌላት ሴት ደግሞ ከሁሉ ኋላ ትቆማለች፤ በብዙ አካባቢ ሴት እርፍ አትጨብጥም ተብሎ መሬቷን በእኩል ሰጥታ ትኖራለች። «አራሽ» የሚለው ቃል ራሱ በሬ ያለውን ሰው ብቻ የሚጠራ ይመስላል።

መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻር ኢልካ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ደብረ ብርሃን ላይ የሠራው ነገር ከሁሉ የሚያስገርመኝ ነው። ብዙው ገበሬ አንድ በሬ ብቻ እንዳለው አይተው በአንድ በሬ የሚሳብ ማረሻ ሠሩ። ሞፈሩን አሳጠሩት፤ ከሥሩ የሚንሸራተትበት ብረት ገጠሙለት፤ በሬውንም በገመድ ጠመዱት። በምርምር ጣቢያው ሠራ። የ1977ቱ ረሀብም በሬ ጨርሶ ስለ ነበር ጊዜው ተስማሚ ይመስል ነበር። ገበሬው ግን አልተቀበለውም። ምክንያቱን ሲጠይቁት የከበደውን አፈር፣ የከሳውን በሬ አነሣ። ሌላም ምክንያት ነበረው፤ አንድ በሬ ያለው ሰው ድሮም ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያቀናጃል፣ አንድ ቀን ለአንዱ፣ አንድ ቀን ለሌላው። መቀናጆ ይሉታል። ማቀናጀት የበሬ ብቻ አይደለም፤ የወዳጅነት፣ የአበልጅነት፣ የወንፈል ነው። «አንድ በሬ ስቦ፣ አንድ ሰው አስቦ» የሚለውን ተረት እየተረተ ላደገ ሰው በሬውን ብቻውን ጥመድ ማለት ከጎረቤትህ ተለይ ማለት ይመስለዋል። የማዕከሉ ሊቃውንት የበሬውን ጉልበት በሚገባ ለኩት፤ የመቀናጆው ዋጋ በሚዛናቸው አልገባም።

ያው ማዕከል ከገበሬው የተማረበት ጊዜም አለ። ውሃ የሚተኛበትን ጥቁር መሬት ለማጠንፈፍ የእነዋሪ ገበሬዎች በእጃቸው ሰፋፊ መደብ ያወጡ ነበር። ያንን አይተው ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን አጣምሮ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። ይኸኛው ከአንድ በሬው የተሻለ ሰሚ አገኘ፤ ከባድ ነው የሚለው ቅሬታ ግን አልቀረም።

ዛሬ የአርሲና የባሌ ስንዴ አብቃይ በኪራይ ትራክተር ያርሳል፣ በኪራይ ኮምባይነር ያጭዳል። ትራክተር ለሚገባበት ሜዳ ይህ ደግ ነገር ነው፤ በዘር ወቅት የተሰበረ ትራክተር ግን መለዋወጫው ከተማ ነው፣ አንዳንዴም ባሕር ማዶ ነው፤ ምራንና ድግር እንደሚጠገኑት በመጥረቢያ አይጠገንም። በመንዝ፣ በዋግ፣ በሰሜን ተራሮች ጥግ ላለችው ማሳ ደግሞ ትራክተሩ ራሱ አይደርስላትም።

ለዚያ ገበሬ ብረቱ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገባው ውራጅ ብረት ከሥራ የወጣ የጭነት መኪና ባሌስትራም አለበት። ብረት ሠሪው ባሌስትራውን ቆርጦ፣ በፍም አግሎ ይቀጠቅጠዋል፤ ጠንካራ ስለ ሆነ ማረሻ ያወጣል ይላሉ። ገበሬው ገዝቶት ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ከአዲስ ድግር ጋር ያዋድደዋል። ከዚያ የቀረችውን አንድ ነገር ለማግኘት ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል፤ በሬውን ይጠይቃል።