የላስ ፒኛስ ቁምስና እና የቀርከሃው ኦርጋን

ከማኒላ በስተደቡብ፣ በማኒላ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የምትገኘው ላስ ፒኛስ ዛሬ የፊሊፒንስ ዋና ከተማ ክልል አካል ስትሆን፣ ከጥንት ገጽታዋ የቀረው ጥቂት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 18ኛው መቶ ዓመት ሊያልቅ ሲቃረብ ግን ስፍራው ነዋሪዎቹ ዓሣ በማጥመድና የባሕር ውኃ በፀሐይ አትንነው ጨው በማምረት የሚተዳደሩበት፣ ከቀርከሃና ኒፓ ከሚባለው ዘንባባ ቅጠል በተሠሩ ቤቶች የሚኖሩበት ድኻ መንደር ነበር። የቅዱስ ዮሴፍ ቁምስና የተመሠረተው በዚህ መንደር ሲሆን፣ ስሙን ከሀገሩ አልፎ እንዲታወቅ ያደረገው በውስጡ የሚገኘው፣ አብዛኞቹ ቧንቧዎቹ ከቀርከሃ የተሠሩ ኦርጋን ነው። መሣሪያው ብዙ ጊዜ እንደ ብርቅ ነገር ብቻ ይታያል፤ ነገር ግን በቅኝ ግዛት ዘመን አንድ የገጠር ቁምስና በምን አቅም እንደቆመ፣ በምን ምክንያት እንደተጎዳና በማን እጅ እንደተጠገነ የሚያሳይ ሰነድ አድርጎ ማየቱ የበለጠ ያስተምራል።

ስፔን ከ1565 ጀምሮ በደሴቶቹ ላይ አገዛዟን ስትዘረጋ ወታደሮቿና ሹማምንቷ ቁጥራቸው አነስተኛ ስለነበር፣ ከማኒላ ውጭ ያለው ሕዝብ ከመንግሥት ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው በመነኮሳት በኩል ነበር። ንጉሡ የሚስዮናውያኑን ወጪ እየሸፈነ በምላሹ የቤተ ክርስቲያን ሹመት ላይ ሥልጣን የሚይዝበት፣ ፓትሮናቶ የሚባል ሥርዓት ስለነበረ፣ የቁምስናው ካህን ከማጥመቅና ከመቀደስ ባሻገር የሕዝብ መዝገብ ይይዝ፣ ትምህርት ቤት ይቆጣጠር፣ የግብር ዝርዝር ያረጋግጥ፣ የመንገድና የድልድይ ሥራም ያስተባብር ነበር። ተበታትኖ ይኖር የነበረው ሕዝብም የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በሚሰማበት ክልል ውስጥ እንዲሰፍር ግፊት ይደረግበት ነበር። ከእነዚህ ሥራዎች ጀርባ የነዋሪው የግዳጅ ጉልበት እንደነበረበት መዘንጋት አይገባም፤ ፖሎ በሚባለው ደንብ ለአቅመ ሥራ የደረሰ ወንድ በየዓመቱ የተወሰኑ ቀናት ለሕዝብ ሥራ እንዲያገለግል ይገደድ ነበርና፣ በየደሴቱ ስለሚታዩት የድንጋይ አብያተ ክርስቲያናት ሲነገር የሚጠራው የመነኩሴው ስም ብቻ መሆኑ ታሪኩን ጎደሎ ያደርገዋል።

ላስ ፒኛስ ራሱን የቻለ ቁምስና የሆነው በ1795 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት መንፈሳዊ አገልግሎት የሚያገኘው በሰሜን ከምትጎራበተው ከፓራኛኬ ነበር። የመጀመሪያው የቁምስናው ካህን አባ ዲዬጎ ሴራ ይባላሉ፤ በ1762 በስፔን አራጎን ግዛት፣ ግራውስ በምትባል ከተማ የተወለዱና ከአውግስጢኖሳውያን መካከል ጥብቅ የምንኩስና ሥርዓት ለመያዝ የተለየው የሬኮሌክት ማኅበር አባል ነበሩ። እኚህ ካህን እስከ 1832 ድረስ ለ36 ዓመታት ያህል በአንድ ቁምስና ቆይተዋል፤ በዚያ ዘመን በሽታና ዝውውር አገልግሎትን ሲያሳጥሩ የነበሩ እንደመሆናቸው፣ ይህን ያህል ዘመን በአንድ ስፍራ መቆየት ቀላል ነገር አልነበረም። ኦርጋን የመሥራትና የሕንፃ ጥበብ እውቀት ስለነበራቸው፣ ቁምስናው ከቀርከሃና ከቅጠል በተሠራ ጊዜያዊ ጸሎት ቤት ሲገለገል ከቆየ በኋላ በ1797 የድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን ግንባታ ተጀመረ፤ ፍጻሜውም በ1819 ሆነ።

ሕንፃው የተሠራበት ድንጋይ በፊሊፒንስ አዶቤ የሚባለው፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ የረጋ ለስላሳ ዐለት ነው። ስሙ በሌሎች አገሮች በፀሐይ ለደረቀ የጭቃ ጡብ የሚሰጥ በመሆኑ አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። ይህ ድንጋይ ከመሬት ሲወጣ በቀላሉ የሚጠረብ፣ አየር ሲያገኝ ደግሞ የሚጠነክር ስለሆነ በማኒላ ዙሪያ ለሚሠሩ ሕንፃዎች ተመራጭ ነበር። ግድግዳው ወፍራም፣ ቁመቱ መጠነኛ የሆነበት ምክንያት የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ የሥነ ሕንፃ ጸሐፊዎች ይህን ዓይነቱን አሠራር የመሬት መንቀጥቀጥ ባሮክ ብለው ይጠሩታል፤ ይኸውም በአውሮፓ በጌጥና በከፍታ የታወቀው የባሮክ ስልት በፊሊፒንስ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ፣ ወርዱ ሰፍቶና ከብዶ የታነጸበት ማለት ነው።

የኦርጋኑ ሥራ የተጀመረው የሕንፃው ግንባታ ሳያልቅ፣ በ1816 ነበር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ እንጂ የቧንቧ ኦርጋን ቦታ ስለሌለው፣ የመሣሪያውን አሠራር በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። ወናፍ የሚገፋው ነፋስ ትልቅ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ሲጫን በሣጥኑ ላይ ከቆሙት ቧንቧዎች የአንዱ በር ይከፈትና ነፋሱ ወደዚያ ይሮጣል። ነፋሱ የቧንቧውን አፍ ጠርዝ እየመታ ድምፅ የሚፈጥርበት መንገድ ከዋሽንት ብዙ አይለይም። ቧንቧው ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል፣ ሲያጥር ይቀጥናል። በአውሮፓ እነዚህ ቧንቧዎች የሚሠሩት ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅይጥ፣ አንዳንዶቹም ከእንጨት ነበር፤ ብረታ ብረቱ ግን ለላስ ፒኛስ ውድ ነበር። ቀርከሃ በበኩሉ በየደጁ የሚበቅል፣ ከተፈጥሮው ውስጡ ባዶና ክብ የሆነ፣ የአካባቢው ሰው ቤት፣ አጥር፣ ጀልባና የቤት ዕቃ ሲሠራበት የኖረ ነገር ስለሆነ፣ ካህኑ ይህን ተክል የመረጡት ድህነት አስገድዷቸው ብቻ ነው ማለት ትክክል አይሆንም፤ በእጁ አገላብጦ የሚያውቀው ሠራተኛም በመንደሩ ሞልቶ ነበር።

የቀርከሃ ትልቁ ጠላት ነቀዝ ነው። በግንዱ ውስጥ ያለው ስታርች ነቀዙን ስለሚስብ፣ ያልታከመ ቀርከሃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፤ ድምፁ በቀጭን ጠርዝ ላይ ለተመሠረተ ቧንቧ ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብሳትም ብትሆን ጥፋት ናት። ስለዚህ የተቆረጠው ቀርከሃ በባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ ተደረገ። ጨዋማው ውኃ ስታርቹን እያጠበ ግንዱን ነቀዝ የማይደፍረው ሲያደርገው፣ ደካማው እዚያው ስለሚበላሽ ፈተናውን አልፎ የወጣው ብቻ ለሥራ ተመረጠ። ዘዴው የኦርጋን ሠሪ መጽሐፍ ያስተማረው ሳይሆን የባሕር ዳር ሰው ልማድ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ብዙዎቹ ቧንቧዎች ዛሬም ድምፅ የሚሰጡት በዚህ ሳቢያ ነው።

በ1821 ኦርጋኑ መጫወት የሚችል ሆነ፤ ይሁንና መለከቶቹ ገና አልተሠሩለትም ነበር። በስፔን ልማድ ከኦርጋኑ ፊት ለፊት ወደ ምእመናኑ አቅጣጫ በአግድም ተደርድረው የሚወጡ፣ ድምፃቸው ኃይለኛና ሰንጣቂ የሆነ መለከቶች አሉ። እነዚህ ድምፅ የሚሰጡት በጠርዝ ሳይሆን በምትርገበገብ የብረት ምላስ ስለሆነ፣ ቀርከሃ ያን ጠባይ ሊሰጥ እንደማይችል አባ ዲዬጎ በመገንዘባቸው መለከቶቹን ከብረታ ብረት አሠርተው ሥራውን በ1824 ፈጸሙ። መሣሪያው በጠቅላላ 1,031 ቧንቧዎች ሲኖሩት 902ቱ ከቀርከሃ፣ 129ኙ ከብረታ ብረት ናቸው። ከእነዚህ መካከል የወፍ ጫጫታ የሚያስመስሉ ጥቃቅን ቧንቧዎች ይገኙበታል፤ ስፔናውያኑ ፓሃሪቶስ፣ ማለትም ትንንሽ ወፎች ይሏቸዋል። ይህ በዘመኑ በስፔን ኦርጋኖች ላይ የተለመደ ጨዋታ ቢጤ ሲሆን፣ በጥብቅ ሥርዓቱ የታወቀ ማኅበር መነኩሴ ይህን ከሥራው አለመቀነሱ ደስ የሚያሰኝ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የዝምታ ታሪክ ነው። በ1863 የማኒላን ካቴድራል የደረመሰው የመሬት መንቀጥቀጥና በ1880 የተከተለው ሌላው፣ በየዓመቱም ከፓስፊክ የሚነሡት ታይፉን የተባሉት ከባድ አውሎ ነፋሶች የላስ ፒኛስን ቤተ ክርስቲያን ደጋግመው ጎድተዋል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ጣሪያው በመነሣቱ ኦርጋኑ ለዝናብና ለፀሐይ ተጋልጦ ቆየ፤ ቧንቧዎቹም እየተነቀሉ በዕቃ ቤት እንዲከማቹ ተደረገ። ሕንፃው ሲጠገን መሣሪያውን የሚያውቅ ባለሙያ ባለመኖሩ ቧንቧዎቹ ለረጅም ጊዜ ከተከማቹበት አልወጡም። አባ ዲዬጎ ዕውቀታቸውን ያስተላለፉበት ወርክሾፕም ሆነ የጥገና ልምድ በቁምስናው አልቀረምና፣ የአንድ ሰው ጥበብ ብቻ የተሸከመው ሥራ ሰውየው ሲያልፍ ምን እንደሚገጥመው በዚህ ይታያል።

በ1896 በስፔን ላይ የተነሣው አብዮት የስፔን መነኮሳትን ከብዙ ቁምስናዎች አስለቀቀ። ከላስ ፒኛስ አጠገብ፣ ከባኮር ጋር በሚያዋስነው በሳፖቴ ወንዝ ድልድይ ላይ በየካቲት 1897 ከስፔን ጦር፣ በሰኔ 1899 ደግሞ ከአሜሪካ ጦር ጋር ፊሊፒናውያን ታላላቅ ውጊያዎች አካሄዱ። አገሩ በአሜሪካ እጅ ከገባ በኋላ ከ1907 ጀምሮ ወደ ፊሊፒንስ የመጡት፣ በቤልጂግ የተመሠረተው የማርያም ንጹሕ ልብ ማኅበር ሚስዮናውያን የላስ ፒኛስንም ቁምስና ተረከቡ። እነዚህ ካህናት በዕቃ ቤት የተከማቸውን ቀርከሃ ምን እንደሆነ ለይተው በማወቅ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ከፊሉን አስጠግነው ድምፅ እንዲሰጥ አደረጉ። ጥገናው ሙሉ አልነበረም፤ ነገር ግን ኦርጋኑ በጎብኚዎችና በጋዜጦች ዘንድ እንዲታወቅ አበቃው፤ ይህ ዝናም ኋላ ለተሟላው ሥራ ገንዘብና ወዳጅ ለማግኘት ጠቅሟል።

ያ ሥራ የተጀመረበት ጊዜ እንግዳ የሚባል ነበር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ባወጣው የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ በላቲን ሥርዓት የቧንቧ ኦርጋን ከፍ ያለ ክብር እንዲሰጠው ቢያዝም፣ ይኸው ጉባኤ ለየአገሩ ቋንቋና ዜማ በር በመክፈቱ በፊሊፒንስ ቅዳሴ ላይ ጊታር ቦታ መያዝ ጀምሮ ነበር። ኦርጋኑ ለሙሉ እድሳት የተላከው በዚህ ወቅት፣ በ1973 ነው፤ የተላከውም በጀርመን ቦን ከተማ ወደሚገኘው፣ በኦርጋን ሠሪነቱ ወደታወቀው የክላይስ ወርክሾፕ ነበር። ለሞቃትና እርጥበታማ አየር የለመደ ቀርከሃ በራይን ወንዝ ዳር ክረምት ደርቆ እንዳይሰነጠቅ፣ ሠሪዎቹ የፊሊፒንስን ሙቀትና እርጥበት የሚያስመስል ልዩ ክፍል አዘጋጅተው ሥራውን በዚያ አከናወኑ። በእነዚያው ዓመታት ቤተ ክርስቲያኑን አርክቴክት ፍራንሲስኮ ማንዮሳ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ወደ 19ኛው መቶ ዓመት መልኩ ለመመለስ አድሰውታል። ብዙ ጊዜ ተደርምሶ የተሠራ ሕንፃ ወደ ጥንት መልኩ ይመለስ ሲባል ከዘመናቱ አንዱን መርጦ ሌሎቹን መተው ማለት ስለሆነ፣ ዛሬ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን የአባ ዲዬጎን ያህል የ1970ዎቹም ሥራ ነው።

ኦርጋኑ በመጋቢት 1975 ወደ ላስ ፒኛስ ተመልሶ በግንቦት ወር በኮንሰርት ተመረቀ። በቀጣዩ ዓመት የተጀመረው ዓለም አቀፍ የቀርከሃ ኦርጋን ፌስቲቫል በየዓመቱ በየካቲት አካባቢ እየተካሄደ እዚህ ደርሷል። ቁምስናው በ1969 ያቋቋመው የላስ ፒኛስ ወንድ ልጆች መዘምራን ቡድን በፌስቲቫሉ ላይ ዋና ተሳታፊ ሲሆን፣ ለዓመታት የፌስቲቫሉ ጥበባዊ ዳይሬክተር ሆነው የሠሩት ኦርጋን ተጫዋች አርማንዶ ሳላርሳም በልጅነታቸው ከዚሁ ቡድን የወጡና በኋላ በኦስትሪያ የተማሩ ናቸው። ብሔራዊ ሙዚየሙ በ2003 መሣሪያውን የብሔራዊ ባህል ሀብት ብሎ መዝግቦታል።

ከሁሉ ይልቅ ክብደት የሚሰጠው ግን በአውሮፓ ሠልጥነው የተመለሱ ፊሊፒናውያን ባለሙያዎች በላስ ፒኛስ የኦርጋን ወርክሾፕ ማቋቋማቸው ነው። ወርክሾፑ የአባ ዲዬጎን ስም ይዞ የቀርከሃውን ኦርጋን ይንከባከባል፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ መሣሪያው እንደገና ሲታደስም ወደ ቦን መላክ አላስፈለገም። ባለሙያዎቹ በማኒላ የቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያንና በቦሆል ደሴት የባክላዮን ቤተ ክርስቲያን የሚገኙትን፣ ከስፔን ዘመን የቀሩ ኦርጋኖችም አድሰዋል።