ከጣሳና ከአሮጌ ሣጥን የሚወጣ ዜማ

በወልድያ፣ በመርሳ ወይም በሐብሩ የገጠር ቀበሌዎች ካደጋችሁ የጣሳ ክራር ሳታዩ አልቀራችሁም። አንድ ባዶ የዘይት ጣሳ፣ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች፣ ከላይ አንድ አግዳሚ፣ ከዚያም ከዓሣ ማጥመጃ ናይለን ወይም ከተፈታ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ የተወጠሩ ክሮች። ሠሪው ብዙ ጊዜ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነው። ትልልቆቹ “የልጅ ጨዋታ” ብለን እናልፈዋለን። በየኅብረታችንም “ኪቦርድ እስክንገዛ” እያልን የዝማሬ አገልግሎት ስናዘገይ ያንን ልጅ ልብ አንለውም። ልጁ ግን ሳያውቀው የያዘው ረጅም ታሪክ ያለው ሙያ ነው። እስቲ ታሪኩን አብረን እንመልከት።

ቀንዱ ሲጠፋ

እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በሀገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለ ዜማ መሣሪያዎቻችን አንድ ደብዳቤ ጽፏል። ደብዳቤው እ.ኤ.አ. በ1776 በወጣው በእንግሊዛዊው ቻርልስ በርኒ የሙዚቃ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ታትሟል። ብሩስ እንደሚለው የክራር ዐይነቱ መሣሪያ ክንዶች ቀድሞ የሚሠሩት ከአጋዘን ቀንድ ነበር። ጠመንጃ በሀገሩ ሲበዛ አውሬው ሸሸ፤ ቀንዱም ጠፋ። ሠሪዎቹ ታዲያ ሥራቸውን አልተዉም፤ ወደ ቀላል ቀይ እንጨት ዞሩ። እንጨቱንም እንደ ቀንዱ ጠምዘዝ አድርገው ይቀርጹት ነበር።

ይህን ልብ በሉ። ዕቃው ሲለወጥ መልኩንና ዜማውን ጠብቀው አሻገሩት። ከዚያ ወዲህም ለውጡ አልቆመም። አውታሩ ከጅማትና ከአንጀት ወደ ናይለንና ወደ ሽቦ ዞሯል። ከእንጨት ይፈለፈል የነበረው የክራር ሆድ ዛሬ አንዳንዴ የብረት ሳህን ነው። የእረኛው ልጅ ጣሳም በዚሁ መስመር የመጣ ነው እንጂ ከመስመሩ የወጣ አይደለም።

ስሙን ከቤታችን ያገኘ መሣሪያ

ክራርና በገና በሙዚቃ ተመራማሪዎች ዘንድ ከአንድ ቤተሰብ የሚቆጠሩ ናቸው። በዕብራይስጥ ኪኖር የሚባለው፣ ዳዊት በሳኦል ፊት የደረደረው መሣሪያም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር፣ በገና ዐሥር አውታር አለው። መሰንቆ ግን ሌላ ነው፤ በቆዳ የተለበጠ የእንጨት ሣጥን፣ አንድ የፈረስ ጭራ አውታርና መምቻ ደጋን ይበቃዋል።

አሁን የበገናን ክፍሎች ስም ስሙ። ድምፅ የሚያጎላው ሆድ ገበቴ ይባላል፤ እናቶቻችን ሊጥ የሚያቦኩበት ዕቃ ስም ነው። ሁለቱ ክንዶች ምሰሶ ይባላሉ፤ ቤት የሚያቆመው እንጨት ስም ነው። የላይኛው አግዳሚ ቀንበር ነው፤ በበሬ ጫንቃ ላይ የሚውለው። አውታሮቹ የሚያርፉበት ደግሞ ብርኩማ ነው፤ እንግዳ የሚቀመጥበት። ከማዕድ ቤቱ፣ ከእርሻው፣ ከምሰሶው፣ ከመቀመጫው ተሰብስቦ የተሰየመ መሣሪያ ነው። እነዚህ ስሞች መሣሪያው ከሩቅ ተገዝቶ የመጣ ሳይሆን በእጃችን ካለው ነገር የተሠራ መሆኑን ይመሰክራሉ።

መሣሪያውን የእኛ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ፤ ቅኝቱ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም ይዘዋል። አምባሰል ለሐብሩ የደቡብ ጎረቤት ነው። በጣሳም ሆነ በዋንዛ እንጨት ላይ ይወጠር፣ አምባሰል ከተቃኘ አምባሰል ነው። ዋጋው ውድ የሆነ ኪቦርድም ቢሆን ቅኝቱን የሚያውቅ ጣት ካላገኘ ዝም ያለ ዕቃ ነው።

የተናቀው እጅ

ይህ ሁሉ እያለን ሙያው በእኛ ዘንድ ለምን ተናቀ? አንዱ ምክንያት መሰንቆና ክራር ከጠጅ ቤት ጋር መያያዛቸው ነው። ከዚያ ሕይወት ወደ ጌታ የመጡ አባቶች መሣሪያውን ሲሸሹ የሸሹት የቀድሞ ኑሯቸውን ነበር፤ እንረዳቸዋለን። ሆኖም “አዝማሪ” እና “መዝሙር” ከአንድ ሥር፣ “ዘመረ” ከሚለው የግእዝ ቃል የወጡ ናቸው። እንጨቱ ኃጢአት የለበትም፤ ጥያቄው በማን እጅ፣ ለማን ክብር የሚለው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የከፋ ነው። በሀገራችን ብረት ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን “ቡዳ” እያልን ስንሰድብ ኖረናል። በዘጸአት 31 ግን እግዚአብሔር መንፈሱን ስለሞላበት ሰው እናነባለን፤ ባስልኤል ይባላል። መንፈስ የተሞላው ወርቅና ብር እንዲሠራ፣ ድንጋይ እንዲቀርጽና እንጨት እንዲጠርብ ነው። የእጅ ሙያን የሚንቅ ወጣት ይህን ምዕራፍ ደግሞ ያንብብ።

ከቆሻሻ ክምር የወጣ ኦርኬስትራ

በእጅ ካለው ነገር የዜማ መሣሪያ መሥራት የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በባርነት የነበሩ አፍሪካውያን ከቅል ባንጆ ሠርተዋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ድሆች በባዶ የሲጋር ሣጥን ላይ ክር ወጥረው ይጫወቱ ነበር። በደቡብ አሜሪካዊቷ ፓራጓይ፣ በአሱንሲዮን ከተማ ካቴውራ በሚባል የቆሻሻ መጣያ አጠገብ ያለው ሰፈር ደግሞ በዘመናችን ታውቋል። ፋቪዮ ቻቬዝ የተባለ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደዚያ ሄዶ ልጆችን ሙዚቃ ማስተማር ጀመረ። በሰፈሩ አንድ ቫዮሊን ከቤት ይበልጥ ይወደዳል። ስለዚህ ከቆሻሻ ለቃሚዎቹ አንዱ የሆነው ኒኮላስ ጎሜዝ ከዘይት በርሜል፣ ከአሮጌ እንጨትና ከወዳደቀ ብረት ቫዮሊንና ቼሎ ሠራላቸው። ልጆቹ በእነዚህ መሣሪያዎች በብዙ አገሮች ተጫውተዋል።

እናንተስ?

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ምክንያቱን ማወቅ ግን ይጠቅማል። ክር ብቻውን ድምፁ ትንሽ ነው። ብርኩማው ንዝረቱን ወደ ቆዳው ወይም ወደ ስሱ ጣውላ ያስተላልፋል፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው አየር ያጎላዋል። ስለዚህ ፊቱ ስስ፣ ክንዶቹ ግን ጠንካራ ይሁኑ። ርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ቅኝትም አይዝም። ከፈረሰ ቤት የወጣ መቃን ወይም የአሮጌ አልጋ እግር ግን ለዓመታት ስለ ደረቀ ይሻላል። የቆየ እንጨት ከመጠቀማችሁ በፊት ሚስማሩን ነቅላችሁ፣ ነቀዝ እንደሌለበት አይታችሁ ያዙ። በአካባቢያችሁ ክራር የሚሠሩ አዛውንት ካሉም አንድ ቅዳሜ ሄዳችሁ ከእግራቸው ሥር ተቀመጡ። ሙያው ያለው በእሳቸው እጅ ነው፤ ሳይቀበሏቸው ካለፉ አብሯቸው ይቀበራል።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት በወልድያና በመርሳ አልፏል። በመዝሙር 137 ምርኮኞቹ መሣሪያቸውን በዛፍ ላይ ሰቀሉ፤ ማዘናቸው አልተነቀፈም። የሚያዝን ጎረቤት ባለበት ስንዘምር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አሞጽ 6፥5-6 እንደ ዳዊት የዜማ ዕቃ እየፈለሰፉ በወገናቸው ስብራት የማያዝኑትን ይወቅሳል። መሣሪያ መሥራት ብቻውን አምልኮ አይደለም። ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ጣውላ ሳንሰጥ ከጣውላ ክራር ብንሠራ አሞጽ ስለ እኛም ተናግሯል።

እንግዲህ ኪቦርድ መግዛት ክፉ አይደለም፤ ሰሎሞንም በ1ኛ ነገሥት 10፥12 ለመዘምራን ከውድ እንጨት በገና አሠርቷል። ክፉው እስኪገዛ ድረስ አፋችንን ዘግተን መጠበቅ ነው። በእጃችሁ ያለውን ያዙና ጀምሩ።

ለኅብረት ውይይት

1. በኅብረታችሁ “ገንዘብ ስለሌለን” ተብሎ የቆመ አገልግሎት የትኛው ነው? ዛሬ በእጃችሁ ባለው ነገር ምን ልትጀምሩ ትችላላችሁ?
2. ዘጸአት 31፥1-5ን አንብቡ። በሰፈራችሁ ሙያቸው የተናቀ ሰዎች እነማን ናቸው? እንዴት ልታከብሯቸው ትችላላችሁ?
3. አሞጽ 6፥5-6 ለዘማሪ ቡድናችሁ ምን ይላል?