መጀመሪያ ቤቱን ሠራች

እልልታ ቃል የለውም፤ ሆኖም ከሩቅ የሰማ ሁሉ ደስታ መሆኑን ያውቃል። አሜሪካዊቷ የዜማ ደራሲና ድምፃዊት ሜሬዲት ሞንክም የዕድሜ ልክ ሥራዋን የሠራችው በአብዛኛው ያለ ቃል፣ በድምፅ ብቻ ነው።

ሜሬዲት የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1942 ሲሆን እናቷም በሬዲዮ የምትዘፍን ድምፃዊት ነበረች። ልጅቷ የዓይን ችግር ስለነበረባት እናቷ ሙዚቃን ከሰውነት እንቅስቃሴ ጋር ወደሚያስተምሩበት ቦታ ወሰደቻት። ከኮሌጅ በ1964 ተመርቃ ኒውዮርክ መሥራት ስትጀምር፣ ድምፅም እንደ እጅና እግር መዝለልና መታጠፍ እንደሚችል ተረዳች። ዘፈን፣ ውዝዋዜና ትያትርን አንድ ላይ የሚያቀርብ «ቤቱ» የተባለ የራሷን ቡድን በ1968 መሠረተች። በ1978 ደግሞ የድምፃውያን ቡድን አቋቋመች። ዜማዎቿን በብዛት የምታስተምረው ከወረቀት ሳይሆን ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። በ1991 በሂውስተን የቀረበው «አትላስ» የተባለው ኦፔራዋ የአንዲት ተጓዥ ሴትን ሕይወት ይተርካል፤ በውስጡ ያለው ቃል ግን ጥቂት ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ሜዳሊያ የተሸለመችው በ2015 ነው። «ቤቱ» ከተመሠረተ ልክ 47 ዓመት!

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የዓመቱን መዝገብ ስዘጋ የማኅበራችን ቁጠባ ትንሽ መስሎ ስለሚታየኝ አንዳንዴ ተስፋ እቆርጣለሁ። ይህችን ሴት ሳስብ ግን የአንድ ዓመት መዝገብ ሙሉውን ታሪክ እንደማይናገር ይገባኛል። እኛም ቤቱን እየሠራን ነው።