ሆሊስቲክ የጥርስ ሕክምና ከተለመደው በምን ይለያል?

ባለፈው ዓመት አሜሪካ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ደወለችና፣ «ጋሼ፣ የጥርስ ሐኪሙ ያስሞላሁትን ሁሉ አውጥቼ ልቀይርልሽ አለኝ፤ ምን ትለኛለህ?» አለችኝ። በወጣትነቷ አዲስ አበባ ያስሞላቻቸው አምስት ጥርሶች አሏት። ከእነሱ ሌላ የሥር ሕክምና የተደረገለት አንድ መንጋጋ አለ። ራሱን «ሆሊስቲክ» ብሎ የሚጠራው ሐኪም አምስቱ ሙሌቶች እንዲቀየሩ፣ መንጋጋውም እንዲነቀል መክሯታል። ዘወትር ለሚሰማት ድካምና ራስ ምታት ምክንያቱ አፏ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ነው ብሏታል። የተጠየቀችው ገንዘብ ብዙ ሺሕ ዶላር ሲሆን ኢንሹራንሷ አይሸፍነውም።

እኔ የተማርኩት ሕግ እንጂ ሕክምና አይደለም። ይሁን እንጂ የቀረበው ማስረጃ ክሱን ያስረዳል ወይስ አያስረዳም ብሎ መመርመር የሙያዬ ጠባይ ነውና ጉዳዩን ለማንበብ ተቀመጥኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

ስሙና አመጣጡ

ሆሊስቲክ፣ አንዳንዴም ባዮሎጂካል የሚባለው የጥርስ ሕክምና መነሻ ሐሳቡ አፍ ከቀረው የሰውነት ክፍል ተነጥሎ መታየት የለበትም የሚል ነው። በዚህ ስም የሚሠሩት አብዛኞቹ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ዓይነት ትምህርት ቤት የተማሩና የሥራ ፈቃድ ያላቸው ሐኪሞች ናቸው። ነገር ግን «ሆሊስቲክ» እንደ ጥርስ ማስተካከል ወይም እንደ ድድ ሕክምና ዕውቅና የተሰጠው የስፔሻሊቲ ዘርፍ አይደለም። ሐኪሙ ስለ አሠራሩ ለራሱ የሚሰጠው መጠሪያ ነው።

የሐሳቡ አባት ተደርጎ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ዌስተን ፕራይስ (እ.ኤ.አ. 1870-1948) ነው። ሰውየው በ1920ዎቹ የሥር ሕክምና የተደረገለት ጥርስ ተውሳክ እያመነጨ ልብን፣ ኩላሊትንና መገጣጠሚያን ያሳምማል ብሎ ጻፈ። በ1939 ባሳተመው ሌላ መጽሐፉ ደግሞ ስኳርና የተፈተገ ዱቄት የማያውቁ ሕዝቦች ጥርሳቸው ጤነኛ መሆኑን ተረከ። ሁለተኛው ሐሳብ ዛሬም ብዙ እውነት አለው። የመጀመሪያው ግን ፈተናውን አላለፈም።

የሜርኩሪው ክርክር

ሁለቱን ወገኖች በይበልጥ የሚያከራክረው አማልጋም የተባለው ብርማ ሙሌት ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ሲሆን የቀረው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ነው። ስናኝክና ጥርሳችንን ስናፋጭ ጥቂት የሜርኩሪ ተን ይወጣል። ይህን ማንም አይክድም። ክርክሩ መጠኑ ይጎዳል ወይ የሚለው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ጥናቶች ታትመዋል፤ አንዱ በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ፣ ሌላው በፖርቱጋል ሊዝበን የተካሄደ ነው። እያንዳንዳቸው ከ500 በላይ ሕፃናትን በዕጣ ከፍለው ለግማሹ አማልጋም፣ ለግማሹ ነጩን ኮምፖዚት ሞልተው ለዓመታት ተከታተሉ። በአእምሮና በነርቭ ፈተናዎች ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኙም።

ያም ሆኖ ጥንቃቄው አልቀረም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመስከረም 2020 (እ.ኤ.አ.) ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ የነርቭ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቢቻል ሌላ ሙሌት እንዲመርጡ መክሯል። በዚያው ምክሩ ግን ደኅና ያለ ሙሌት ሕክምናዊ ምክንያት ሳይኖር አይውጣ ብሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አማልጋም ብዙ ተን የሚለቀው ሲቦረቦር ነው። በአፍ ውስጥ ተቀምጦ በዓመታት ቀስ በቀስ የሚወጣውን ለመሸሽ ሲባል በአንድ ቀን ብዙውን መጋበዝ ይሆናል።

የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሕክምና አስገዳጅነት ከሌለ በቀር አማልጋም መሙላትን ከልክሏል። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮችም በኅዳር 2025 ጄኔቫ ተሰብስበው እስከ 2034 አገልግሎቱ እንዲያበቃ ተስማምተዋል። «ይኸው፣ እኛ ያልነው ሆነ» የሚሉ ሆሊስቲኮች አሉ። ነገር ግን የስምምነቱ ዋና ዓላማ ሜርኩሪ ወደ አየር፣ ወደ ውኃና ወደ ዓሣ እንዳይገባ መከላከል ነው። አዲስ አለመሙላት አንድ ነገር ነው፤ አፍ ውስጥ ያለውን ማውጣት ሌላ።

የሥር ሕክምናና ፍሎራይድ

በተለመደው አሠራር ነርቩ የሞተ ጥርስ ውስጡ ተጠርጎ፣ ተሞልቶና ተከድኖ ይቆያል። አንዳንድ ሆሊስቲክ ሐኪሞች «የሞተ አካል በሰውነት ውስጥ አይቀመጥም» ብለው ይነቅሉታል። መነሻቸው የፕራይስ የጥንቸል ሙከራ ነው። ሆኖም በኋላ የተሻለ ቁጥጥር የተደረገባቸው ሙከራዎች ውጤቱን አልደገሙትም። የተነቀለ መንጋጋ ደግሞ አይመለስም።

ስለ ፍሎራይድ ግን እኛ ኢትዮጵያውያን ለመናገር ከብዙዎች ይልቅ ቅርብ ነን። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን በእጅጉ ያልፋሉ። በወንጂና በአካባቢው የበለዘ ጥርስ ያየ ሰው «ሲበዛ ይጎዳል» የሚለውን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም። መጠኑ ከፍ ሲል አጥንትም ይጎዳል። አሜሪካኖች ከ1945 ጀምሮ ወደ ቧንቧ ውኃቸው የሚጨምሩት መጠን ግን ከዚህ ያነሰ ነው፤ ከ2015 ወዲህ የሚመከረው 0.7 ሚሊ ግራም ነው። እሱም ቢሆን እያከራከረ ነው፤ በመስከረም 2024 አንድ የፌዴራል ዳኛ መጠኑ በሕፃናት አእምሮ ላይ ስጋት አለው ብለው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ እርምጃ እንዲወስድ አዘዋል፤ በ2025 ደግሞ ዩታ መጨመሩን በሕግ የከለከለች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆናለች። በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። ተቀብቶ የሚተፋ እንጂ የሚዋጥ አይደለም፤ ጥርስ እንዳይቦረቦር መርዳቱም በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ፣ አለርጂ ከሌለበት ታካሚ ላይ «መርዝ ለማስወገድ» ተብሎ በሐኪሙ ምክር ብቻ አማልጋም ማውጣትን ከሥነ ምግባር ውጪ ነው ይለዋል። የፀረ አማልጋሙ ዘመቻ መሪ የነበሩት ሀል ሀጊንስ በኮሎራዶ ግዛት የሥራ ፈቃዳቸውን የተነጠቁት በ1996 ነው። ታካሚው ራሱ አስቦ ቢጠይቅ ግን መብቱ ነው። የደንቡ ቁም ነገር ሐኪሙ ታካሚውን አስፈራርቶ ሥራ እንዳይፈጥር ነው።

ለሆሊስቲኮቹም የሚገባቸውን መስጠት ፍትሕ ነው። ታካሚን ጊዜ ሰጥተው ያዳምጣሉ፤ ስለ ምግብና ስለ እንቅልፍ ይጠይቃሉ። የድድ በሽታና የስኳር ሕመም አንዱ ሌላውን እንደሚያባብስ ዛሬ የተለመደው ሕክምናም ያስተምራል። አፍ ከሰውነት አይነጠልም የሚለው ሐሳብ የእነሱ ብቻ አይደለም። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ሐሳብ ተነሥቶ ደኅናውን ጥርስ ለመንካት ሲታሰብ ነው።

ለእህቴ የነገርኳት ሦስት ጥያቄዎችን ይዛ እንድትሄድ ነው። ችግሩ በራጅ ወይም በምርመራ ይታያል? ባይነካ ምን ይሆናል? የሚመክረኝ ሰው ከሥራው የማይጠቀም ሌላ ሐኪም ቢሆን ይኸንኑ ይለኛል? ሁለተኛው ሐኪም አንደኛው ሙሌት ተሰንጥቆ ከሥሩ መበስበስ መጀመሩን አሳያትና በነጭ ተቀየረላት። አራቱና መንጋጋው ምንም አልሆኑም፤ ከአፏ ናቸው። ለድካሟ ወደ ጠቅላላ ሐኪም ሄዳ ደም ስትመረመር የደም ማነስ ተገኘባትና መድኃኒት ጀመረች። መንጋጋዋን አስነቅላ ቢሆን ኖሮ የደም ማነሱ እዚያው ነበር፤ ጥርሱ ግን አይኖርም ነበር።