ሹመትና ሽረት በመረጃ ቋት ውስጥ፤ የተጠቃሚዎች ፈቃድ አጭር ታሪክ

በአገራችን የአስተዳደር ታሪክ ውስጥ ሹም ሽር የሚባለው ቃል ሁለት ሥራዎችን ባንድነት ይይዛል፤ እነዚህም መሾምና መሻር ናቸው። ሁለቱ መጣመራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚሾም ሰው የመሻርንም መንገድ አስቀድሞ ካላዘጋጀ ሥልጣኑ ከእጁ ወጥቶ ይቀራልና። ይህን ቃል በመግቢያችን ያነሣነው ግን ስለ መሳፍንትና ስለ መኳንንት ለመጻፍ አስበን አይደለም። የምንመረምረው፥ ባሁኑ ጊዜ በባንኩ፥ በሆስፒታሉና በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚገኘው፥ ሪሌሽናል ስለሚባለው የመረጃ ቋትና በእርሱ ውስጥ ለተጠቃሚዎች ፈቃድ ስለሚሰጥበትና ስለሚነሣበት ሥርዓት ነው። ሐሳባችንም ባጭሩ ይህ ነው፤ ፈቃድን የመስጠት ጥበብ ቶሎ ተገኘ፤ የመንሣት ጥበብ ግን ዘገየ፤ ዛሬም በየዕለቱ አስተዳደር ችላ የሚባለው ይኸው ሁለተኛው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1970 ነው። በዚያ ዓመት እንግሊዛዊው ሊቅ ኤድጋር ኮድ፥ በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ በሚገኘው በአይ ቢ ኤም ኩባንያ የምርምር ቤት ሲሠሩ፥ ስለ ታላላቅ የጋራ የመረጃ ቋቶች አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ መልክ፥ በረድፍና በዓምድ ተከፋፍሎ ይቀመጥ፤ ተጠቃሚውም መረጃው በመኪናው ውስጥ እንዴት እንደ ተከማቸ ሳያውቅ የሚፈልገውን ብቻ ይጠይቅ የሚል ነው። ብዙ ሰዎች ከዚህ ጽሑፍ የሚያስታውሱት ሠንጠረዡን ነው። እኛ ግን በአርእስቱ ውስጥ ያለውን «የጋራ» የሚለውን ቃል እናስተውላለን። መዝገብ ያንድ ሰው ብቻ ሲሆን የፈቃድ ጥያቄ አይነሣም፤ የጋራ ሲሆን ግን ማን ያንብብ፥ ማን ይጻፍ፥ ማን ይሰርዝ የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ያንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤትን በምሳሌነት እንውሰድ። በመረጃ ቋቱ ውስጥ የተማሪዎች ስም፥ የትምህርት ዓይነትና ማርክ ተመዝግቧል። ተማሪው የራሱን ማርክ ሊያይ ይገባዋል፤ የሌላውን ግን አይገባውም። መምህሩ ያስተማረውን ትምህርት ማርክ ሊጽፍ ይገባዋል፤ ያላስተማረውን ግን አይገባውም። የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ክፍያ የተከፈለ መሆኑን እንጂ ማርክን ማወቅ አያስፈልገውም። እንግዲህ መዝገቡ አንድ ሆኖ ሳለ የሚነካው እጅ ብዙ ነው።

ይህን ችግር ለመፍታት አስቀድሞ የነበረው ዘዴ በአመዛኙ የይለፍ ቃል ነበር። የይለፍ ቃል ግን የበር ቁልፍን ይመስላል፤ ቤት የገባ ሰው በየትኛው ክፍል ምን እንደሚያደርግ አይወስንም። በ1975 ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሊቃውንት ስለ መረጃ ጥበቃ ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ማናቸውም ተጠቃሚና ማናቸውም ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው የሚበልጥ ሥልጣን እንዳይኖረው የሚል መመሪያ አስፍረዋል። ይህ መመሪያ እስከ ዛሬ የዚህ ሙያ መሠረት ነው።

በሠንጠረዥ የመረጃ ቋት ላይ ይህን ሐሳብ በሥራ ለማዋል ሁለት መንገዶች ተሞከሩ። አንደኛው በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ በኢንግረስ ፕሮጀክት የታየው ነው። በ1974 ማይክል ስቶንብሬከርና ዩጂን ዎንግ እንዳስረዱት፥ ተጠቃሚው ጥያቄ ባቀረበ ጊዜ ሥርዓቱ ራሱ በጥያቄው ላይ ገደብ ይጨምራል። መምህሩ «የተማሪዎችን ሁሉ ማርክ አሳየኝ» ቢል፥ መኪናው ጥያቄውን «አንተ ያስተማርሃቸውን ተማሪዎች» ብሎ አስተካክሎ ይመልስለታል። ይህ ሐሳብ ከ40 ዓመት በኋላ በ2016 በወጣው በፖስትግሬስ 9.5 ውስጥ፥ በየረድፉ የሚደረግ ጥበቃ በሚል መልክ እንደገና መታየቱ የአሳቡን ብርታት ያመለክታል።

ሁለተኛው መንገድ ከሳን ሆዜ የመጣው ነው። በዚያ ሲስተም አር በተባለው የምርምር ሥራ፥ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በ1974 ያስተዋወቁት፥ በኋላ ኤስኪውኤል የተባለው ቋንቋ ይዘጋጅ ነበር። በ1976 ፓትሪሺያ ግሪፊትስና ብራድፎርድ ዌድ ለዚህ ሥርዓት የፈቃድ ሕግ አወጡ። ሕጉ እንዲህ ነው። ሠንጠረዡን የፈጠረ ሰው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱም ግራንት በሚባለው ትእዛዝ ለሌላው የማንበብ፥ የመጨመር፥ የመለወጥ ወይም የመሰረዝ ፈቃድ ይሰጣል። ከፈለገም ተቀባዩ ለሌላ እንዲያስተላልፍ ይፈቅድለታል። ሪቮክ በሚባለው ትእዛዝ ደግሞ የሰጠውን ይነሣል። እንዲህ ሲሆን ፈቃድ ሁሉ ባንድ አስተዳዳሪ እጅ ማለፉ ቀረ፤ ሥልጣን እንደ ውክልና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሆነ።

መስጠቱ ቀላል ነበር። ከባዱ ጥያቄ፥ የተሰጠው ሲነሣ ከእርሱ የተላለፈው ምን ይሁን የሚለው ነው። ሬጅስትራሩ ለምክትሉ፥ ምክትሉም ለጸሐፊው ፈቃድ ሰጡ እንበል። ሬጅስትራሩ ምክትሉን ቢሽር ጸሐፊውስ? ግሪፊትስና ዌድ የሰጡት መልስ፥ ከሽረቱ በኋላ ያለው ሁኔታ ያ ፈቃድ ከመጀመሪያውም ተሰጥቶ ባያውቅ ኖሮ ሊሆን የነበረውን መምሰል አለበት የሚል ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ከሌላ ሰው ያገኘው ፈቃድ ከሌለው እርሱም አብሮ ይሻራል።

ነገር ግን ከዚህ የረቀቀ ችግር አለ። ጸሐፊው መልሶ ለምክትሉ ያንኑ ፈቃድ ቢሰጠውስ? ሬጅስትራሩ በሻረው ጊዜ ምክትሉ «ከጸሐፊው ያገኘሁት አለኝ» ይላል፤ ጸሐፊውም «ከምክትሉ ያገኘሁት አለኝ» ይላል። ሁለቱ እርስ በርስ ተደጋግፈው ሥር ሳይኖራቸው ሊቆሙ ነው። ይህንን ለመከላከል እያንዳንዱ ፈቃድ የተሰጠበት ጊዜ አብሮ እንዲመዘገብ ተደረገ። በኋላ የተሰጠ ፈቃድ ከእርሱ በፊት ለተሰጠው ድጋፍ ሊሆን ስለማይችል ሁለቱም ይወድቃሉ።

ይህም ቢሆን ፍጹም አልነበረም። በ1978 ሮናልድ ፋጊን የተባሉ ሊቅ ሕጉን መርምረው ጉድለት አገኙበት። በመጀመሪያው ሥርዓት አንድ ሰው ለሌላው ያንኑ ዓይነት ፈቃድ ደጋግሞ ቢሰጥ ለየብቻው አይመዘገብም ነበር፤ በዚህም ምክንያት ፈቃዱ ሊጸናለት የሚገባ ተጠቃሚ አንዳንድ ጊዜ ያለ አግባብ ሊከለከል ይችል ነበር። ፋጊን እያንዳንዱ ስጦታ ለየራሱ እንዲመዘገብ አደረጉ፤ የተሻሻለውም ሕግ ትክክል መሆኑን በሒሳብ ማስረጃ አረጋገጡ። የመሻር ነገር የቱን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ይሁን እንጂ የምሁራን ሥራና የገበያ ሥራ እኩል አይራመዱም። በ1986 ኤስኪውኤል በአሜሪካ የደረጃ መዳቢ ድርጅት የጋራ ደረጃ በወጣለት ጊዜ፥ የመስጠት ትእዛዝ በደረጃው ውስጥ ገባ፤ የመንሣት ትእዛዝ ግን አልገባም። ሪቮክ በደረጃው ውስጥ የተጻፈው በ1992 ነው። በዚያን ጊዜም ሁለት አማራጮች ተደነገጉ፤ አንደኛው የተላለፈውን ሁሉ ተከትሎ የሚሽር፥ ሁለተኛው ደግሞ የተላለፈ ፈቃድ ካለ ሽረቱን የሚያግድ ነው። በደረጃው ታሪክ መስጠት መንሣትን በ6 ዓመት ቀደመው ማለት ነው።

በዚያው በ1992 ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን የተባሉ የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። ፈቃድ ለሰው ከሚሰጥ ለሥራ ድርሻ ይሰጥ፤ ሰውየው የሥራ ድርሻውን ሲይዝ ፈቃዱን ያገኛል፤ ሲለቅም ያጣል አሉ። በእኛ አነጋገር ሥልጣኑ የወንበሩ እንጂ የተቀማጩ አይሁን ማለት ነው። ይህ ሐሳብ በ1999 በኤስኪውኤል ደረጃ ውስጥ ገባ፤ ፖስትግሬስ በ2005፥ ማይኤስኪውኤል በ2018 በየምርታቸው ውስጥ አስገቡት። ጥቅሙ በተለይ በመሻር ጊዜ ይታያል፤ መቶ ፈቃዶችን አንድ በአንድ ከመፈለግ ይልቅ አንድ የሥራ ድርሻን መንሣት ይበቃልና።

ሌላው የዚህ ታሪክ ክፍል ማንም ሳይሰጠው የሚገኘውን ፈቃድ ይመለከታል። የመረጃ ቋት ሲተከል አብረውት የሚመጡ ልማዶች አሉ። ማይኤስኪውኤል ስም የሌላቸውን ተጠቃሚዎች አብሮ መፍጠሩን የተወው በ2015 በወጣው በ5.7 ነው። ፖስትግሬስም «ፐብሊክ» በተባለው የጋራ ስፍራ ማንኛውም ተጠቃሚ ሠንጠረዥ እንዲፈጥር ይፈቅድ የነበረውን ልማድ ያነሣው በ2022 በወጣው በ15 ነው። ከዚህ የምንረዳው፥ ማንም አስቦ ያልሰጠው ፈቃድ ለመንሣትም ማንም የማያስበው መሆኑን ነው።

እንግዲህ ከታሪኩ ወደ ዕለታዊው አስተዳደር እንምጣ። የሪሌሽናል የመረጃ ቋት አንዱ መልካም ጠባይ፥ የፈቃዱ መዝገብ ራሱ ሠንጠረዥ መሆኑ ነው፤ በሲስተም አርም እንደዚሁ ነበር። ስለዚህ አስተዳዳሪው ማን ምን ፈቃድ እንዳለው እንደ ማናቸውም መረጃ ጠይቆ ሊያገኝ ይችላል። የሚጎድለው መሣሪያ ሳይሆን ጠያቂ ነው። ሠራተኛ ሲቀጠር አለቃው በዚያው ቀን ፈቃድ እንዲሰጠው ይጠይቃል፤ ሥራው ቆሟልና። ሠራተኛው ሲለቅ ግን ፈቃዱ ባይነሣ የሚቆም ሥራ የለም፤ ስለዚህ የሚያስታውስ አይገኝም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሹሙን የሚያስፈራው ሽረት ስላለ ነው፤ በመረጃ ቋት ውስጥ ግን የለቀቀው ሰው ሳይሻር ሊቀመጥ ይችላል።

ከዚህም በላይ ሁለት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። መጀመሪያ፥ የሚለቀው ሰው የፈጠራቸው ሠንጠረዦች ካሉ ባለቤትነቱ አስቀድሞ ለሌላ መተላለፍ አለበት፤ ፖስትግሬስ ይህ ሳይደረግ ተጠቃሚውን ለመሰረዝ እሺ አይልም። ስለዚህ ሽረት ርክክብን ይጠይቃል፤ ንብረቱን ያላስረከበ እንደማይሰናበት ሁሉ። ሁለተኛ፥ መጠባበቂያ ቅጂ የመረጃ ቋቱን ሕግ አያውቅም። አስተዳዳሪው በየሌሊቱ የሚያዘጋጀው ቅጂ ከቋቱ ወጥቶ በተራ ፋይል ሲቀመጥ፥ ፋይሉ በሌላ ዘዴ ካልተጠበቀ፥ ያገኘው ሁሉ ያነበዋል፤ ግራንትና ሪቮክ በዚያ ሥልጣን የላቸውም። ቅጂውን መውሰድ፥ ተመልሶ የሚነበብ መሆኑን መሞከርና የተቀመጠበትን መቆለፍ እንግዲህ የፈቃድ አስተዳደር አካል ናቸው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሥራን ያጓትታል የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ ፈቃድ እጅግ ሲጠብብ ሠራተኞች ባንድ ሰው ስምና የይለፍ ቃል በጋራ መጠቀም ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ ማን ምን እንዳደረገ መለየት አይቻልም። ነገር ግን መድኃኒቱ ለሁሉም ሁሉን መፍቀድ አይደለም። በሥራ ድርሻ ልክ ቶሎ መስጠትና በተወሰነ ጊዜ ዝርዝሩን እየመረመሩ መንሣት ነው።

በመጨረሻም ሽረት የማይደርስበት ዳርቻ እንዳለ ማስታወስ ይገባል። ሪቮክ ነገ የሚነበበውን ይከለክላል እንጂ ትናንት የተነበበውን አያስመልስም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። በምሳሌያችን ያ ኮሌጅ ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የሚታመነው፥ ማርኩን ሊለውጥ የሚችለው ማን እንደነበረ በማናቸውም ጊዜ ለይቶ መናገር ሲቻል ነው። ማርኩን ሊለውጡ የሚችሉት እነማን እንደሆኑ የማያውቅ ጽሕፈት ቤት፥ ማርኩ ያልተለወጠ መሆኑን ሊመሰክር አይችልም። የሊቃውንቱ የብዙ ዓመት ድካም ይህን ምስክርነት የሚቻል አድርጎታል፤ ዝርዝሩን በየጊዜው አውጥቶ የማየቱ ሥራ ግን የአስተዳዳሪው ነው።