በቦክሱ ሌሊት የተከፈተው በር

ስሙኝማ! ጊዜው እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1971 ነው። ኒውዮርክ ላይ ሙሐመድ አሊና ጆ ፍሬዘር የሚፋለሙበት ሌሊት፤ የአሜሪካ ሰው ልቡ ሁሉ እዚያ ነው። ፊላዴልፊያ አጠገብ ባለችው በትንሿ ሚዲያ ከተማ ግን ስምንት ሰዎች ለሌላ ጉዳይ ተሰናድተዋል። መሪያቸው የፊዚክስ መምህሩ ዊልያም ዴቪዶን ነው። ያሰቡት ምን መሰላችሁ? የአሜሪካውን የፌዴራል ምርመራ ተቋም፣ የኤፍ ቢ አይን ቢሮ ሰብሮ መግባት!

አስቀድማ ቦኒ ሬይንስ፣ የልጆች እናት፣ ተማሪ መስላ ቢሮው ገብታ ነበር። «ሴቶች እዚህ የመቀጠር ዕድል አላቸው ወይ?» እያለች ስትጠይቅ አሻራዋ እንዳይቀር ጓንቷን አላወለቀችም። ዓይኗ ግን ሥራ ላይ ነበር፤ የማንቂያ ደወል እንደሌለ አይታ ወጣች።

በዚያ ሌሊት ታክሲ ነጂው ኪት ፎርሳይት በሩ ላይ ያልጠበቀው ሁለተኛ ቁልፍ ገጠመው። ወደ ሌላኛው በር ዞረ፤ እሱም ከኋላው ከባድ የፋይል ካቢኔት ተደግፎበታል። ሕንፃው ውስጥ ሰው ይኖራል፤ ካቢኔቱ ቢወድቅ ጉዳቸው ነው። ወለሉ ላይ ተጋድሞ በብረት ዘንግ ትንሽ በትንሽ ገፋው። ከሺህ የሚበልጥ ሰነድ በሻንጣ ወጣ።

ሰነዱ ምን ይላል? ወንጀል ያልሠሩ ጥቁር ተማሪዎች ይሰለላሉ። የጦርነት ተቃዋሚዎች ፍርሃት እንዲያድርባቸው ሆን ተብሎ ይሠራል። ቅጂው ወደ ጋዜጦች ተላከ፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጆን ሚቸል እንዳይታተም ቢጠይቁም ዋሽንግተን ፖስት አተመው።

ከወረቀቶቹ በአንዷ ላይ «ኮይንቴልፕሮ» የሚል ስም ሰፍሮ ነበር። ጋዜጠኛው ካርል ስተርን ፍርድ ቤት ከሶ ምስጢሩን አስወጣ፤ ከ1956 ጀምሮ የተካሄደ፣ የተቃውሞ ቡድኖችን የማፍረስ ዘመቻ ኖሯል! በ1975 የሴናተር ፍራንክ ቸርች ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ። የጥቁሮች መብት ታጋዩን ማርቲን ሉተር ኪንግን ራሱን እንዲያጠፋ የሚገፋ ስም የለሽ ደብዳቤ ከኤፍ ቢ አይ እንደተላከ ሕዝብ ሰማ።

ከዚያ ሕግ መጣ። ኤድጋር ሁቨር 48 ዓመት የተቀመጡበት የኤፍ ቢ አይ ዳይሬክተር ወንበር በአሥር ዓመት ተገደበ። በ1978 ለአገር ደኅንነት ተብሎ ስልክ ለመጥለፍ የልዩ ፍርድ ቤት ፈቃድ ግድ ሆነ። ያው ፍርድ ቤት ግን የሚሊዮኖች የስልክ መዝገብ እንዲሰበሰብ በምስጢር መፍቀዱ በ2013 ተጋለጠ።

ስምንቱን ፍለጋ 200 ያህል መርማሪ ቢሰማራም አልተያዙም፤ አብዛኞቹ በ2014 ራሳቸው ወጥተው ተናገሩ። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ሰላይ ራሱን አይመረምርም። የሚጠይቅ ምክር ቤት፣ የሚፈርድ ዳኛ፣ የሚያትም ጋዜጣ በአንድነት ካልቆሙ፣ የወጣው ሕግም ተመልሶ የምስጢር መሸፈኛ ይሆናል።