የደቡብ ጎንደር የአድባራት ደን በፎቶግራፍ ምስክርነት

የነገሥታት ዜና መዋዕል ዘመቻንና ሹመትን እንጂ ዛፍን አይቈጥርም። ስለዚህ በጉና ተራራ አጠገብ ባለችው በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ምድሩ እንዴት እንደ ተለወጠ፥ ሕዝቡም ለውጡን እንዴት እንደ ተቋቋመው ለሚመረምር ሰው ፎቶግራፍ ታላቅ ምስክር ነው።

ኢጣልያውያን ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ለካርታ ሥራ ከአይሮፕላን ያነሷቸው ከ8,000 በላይ ሥዕሎች በአዲስ አበባ በመንግሥት የካርታ መሥሪያ ቤት ተጠብቀው ኖረዋል። ተመራማሪዎች በ1938 የተነሡትን ከዘመናችን የሳተላይት ሥዕል ጋር ባስተያዩ ጊዜ፥ የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች በአብዛኛው በቦታቸው እንደ ጸኑ ተገነዘቡ። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቍጥቋጦ ነው፤ እርሻና ግጦሽ እስከ ደኑ ዳር ደርሷል። በአንዳንድ ስፍራም ደኑ የሰፋ የሚመስለው ባሕር ዛፍ ስለ ተተከለበት ነው።

ነገር ግን ከሰማይ የሚታየው የዛፉ ጫፍ እንጂ ሥሩ አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚሁ አገር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 ዓይነት ዛፎች፥ ቍጥቋጦዎችና ሐረጎች ቢቈጥሩም፥ ከብት በሚገባበት ስፍራ ችግኝ እንደማይበረክት አስረድተዋል። ሽማግሌው ጽድ ይታያል፤ ወራሹ ግን የለም። በአንዳንድ አድባራት ካህናቱና ምእመናኑ ከእርሻ ላይ በለቀሙት ድንጋይ ደኑን ማጠራቸው ስለዚህ ነው፤ ጥላው፥ ምንጩና ዘሩ በድርቅ ዘመን መጠጊያ ነውና።

ፎቶግራፍ የሆነውን ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። የዝናብ መዝገብና የአረጋውያን ቃል ካልታከለበት፥ የአየር ንብረትን ሥራ ከመጥረቢያ ሥራ መለየት አይቻልም። እንግዲህ ከ1938ቱ ሥዕል ጐን ሊቀመጥ የሚገባው፥ በቅጥሩ ውስጥ ከምድር ላይ ተነሥቶ ችግኙን የሚያሳይ ሥዕል ነው።